ቧንቧ አዳማጩና የቡሬው ጡሩምባ

መቱ ውስጥ ቧንቧ ከመሬት በታች ሲፈነዳ የሚጠሩት ጋሼ ዲንቃ ነበሩ። ሌላው ሠራተኛ አካፋና ዶማ ተሸክሞ ሲመጣ እሳቸው የሚይዙት አንድ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ ብቻ ነው። ዘንጉን መሬት ላይ ያቆሙና ጫፉን ከጆሯቸው ያስጠጋሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይሉና «እዚህ ቆፍር» ይላሉ። ሲቆፈር ውኃው እዚያው ነው።

አንድ ጊዜ በሆስፒታሉ መንገድ ላይ አንድ ወጣት መሐንዲስ ካርታ ዘርግቶ፣ «ኦቦ ዲንቃ፣ መስመሩ እኮ በዚህ በኩል አያልፍም» አላቸው።

«ካርታው አያልፍም ይላል፤ ውኃው ደግሞ እያለፍኩ ነው ይላል። ማንኛውን ልመን?» አሉት።

ተቆፈረ። ውኃው ተፈናጥሮ ወጣና ካርታውን አራሰው። ጋሼ ዲንቃ አልሳቁበትም፤ ካርታውን ተቀብለው አጥር ላይ አሰጡለት። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ስለ እሳቸው አንድ የተማረ ሰው ይጽፍ ይሆናል ብዬ ብጠብቅ ማንም አልጻፈም፤ ስለዚህ በቅርብ ያየሁትን እኔው ላስቀምጠው።

ጋሼ ዲንቃ የተወለዱት ከመቱ ትንሽ ወጣ ብሎ በሶር ወንዝ በኩል ነው። በወጣትነታቸው ወታደር ሆነው በክፍለ ጦሩ የሙዚቃ ጓድ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ትራምፔት ነፍተዋል። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ያለው ንብረት ሁሉ ተሰበሰበ፤ እሳቸውም ትራምፔቱን አስረከቡ። መንፊያውን ግን፣ ያቺን ከንፈር የሚያርፍባትን የጣት ቁመት ያላት ብረት፣ ነቅለው ኪሳቸው ውስጥ ከተቷት። «ጡሩምባው የመንግሥት ነው። መንፊያዋ ግን የከንፈሬን ቅርጽ ይዛለች፤ ለሌላ ሰው ምን ታደርጋለች?» ይሉ ነበር።

በኋላ የከተማው ውኃ ሥራ ሲቀጥራቸውም ያቺ መንፊያ በሰማያዊ ፍላኔል ተጠቅልላ ከደረት ኪሳቸው አልወጣችም። ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዋን ይነፏታል። ጡሩምባ የሌላት መንፊያ የምታሰማው ድምፅ የንብ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘውደነሽ፣ «ሰው ከቀፎ ማር ይቆርጣል፤ እኔ ያገባሁት ጩኸቱን ብቻ ነው» እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

በቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራኑን ልብስ የምሰፋውም፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የምይዘውም እኔ ነኝ። በ1992 ከጎረቤታችን ከቡሬ ምእመናን አንድ ጥቁር የእንጨት ሳጥን ተላከልን። የቀድሞ ቤታቸውን ሲያድሱ ጣሪያ ሥር ያገኙት፣ ድሮ የውጭ አገር ሚስዮናውያን ትተውት የሄዱት ጡሩምባ ነበር። ከተለመደው ጡሩምባ ይወፍራል፤ ቱቦው ከመነሻው ጀምሮ ቀስ እያለ እየሰፋ ይሄዳል። ጋሼ ዲንቃ ያን ጊዜ ገና ወደ ቤተ ክርስቲያናችን አልመጡም፤ ሌላ የሚነፋው ስላልነበረ መደርደሪያው ላይ ወጣና ተረሳ። አቧራውን የምጠርግለት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በ2010 የመዘምራኑ መሪ ፋሲል ሳጥኑን አወረደው። ፋሲል የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ድምፁ ያማረ፣ ምላሱም ፈጣን። የጡሩምባውን ፎቶግራፍ በስልኩ አንስቶ ለአንድ የአዲስ አበባ ሰው ላከለት። ሰውዬው አሮጌ የሙዚቃ መሣሪያ የሚሰበስብ ነው፤ በለውጡ አዲስ ኪቦርድ ላምጣላችሁ አለ። ፋሲል ኪቦርድ ካማረው አራት ዓመት ሆኖት ነበር።

ጉዳዩ ሽማግሌዎች ዘንድ ቀረበ። ሰብሳቢው ኦቦ ቀኖ ነገር የማያስረዝሙ ሰው ናቸው። «ዲንቃ ይፈትሸው። ድምፁ ደኅና ከሆነ እዚሁ ይቀመጥ፤ ልጆቻችን ይማሩበታል። ካልሆነ ይለወጥ» ብለው ቆረጡ። የአዲስ አበባው ሰው የሚመጣው ቅዳሜ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ዲንቃ ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው መጡ። ዝናቡ አባርቶ ስለነበር እኔ፣ ፋሲልና መዘምራኑ ጠረጴዛ ግቢው ውስጥ አወጣንላቸው። ሳጥኑን ሲከፍቱ እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ሁለት ጊዜ ጠረጉ።

«ይሄ ትራምፔት አይደለም» አሉ። «ፍሉገልሆርን ነው፤ የትራምፔት ዘመድ፣ ድምፁ ግን ለስላሳ። በኛ ጓድ አንድ ብቻ ነበረ፤ እሱንም አንድ መቶ አለቃ ነበር የሚነፋው። ሰው አያስነካም። ሲተኛ እንኳ ከአልጋው ሥር ነው የሚያደርገው።»

«ታዲያ ነፍተውት አያውቁም?» አላቸው ፋሲል።

«አልነፋሁትም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ከጎኑ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ምን መምሰል እንዳለበት አውቃለሁ።»

የሳጥኑ ውስጥ በቀይ ከፋይ የተለበጠ ነው። ከጥጉ አንዲት ክብ ጉድጓድ አለች፤ አውራ ጣት ታስገባለች። ጣታቸውን ከተቱባትና፣ «የዘይት ጠርሙስ ቦታ ናት» አሉ። እኔ የክር ጥቅል አስቀምጥባት ነበር፤ በዚያን ቀን ጠዋት ነው ያወጣሁት።

መጀመሪያ ጡሩምባውን ወደ ፀሐይ አዙረው በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። ሁለት ቦታ ተሰርጉዷል፤ አንድ ቦታ በስታኞ ተበይዶ ተጠግኗል። «ጠጋኙ ቸኩሏል፤ ግን ይዟል» አሉ። ከመንፊያው ቦታ ቀጥሎ ያለውን ቱቦ ደግሞ አፍንጫቸው እስኪነካው ድረስ አስጠግተው አዩት። «ነሐስ ሲታመም እንደ ጉንጭ ይቀላል። ይሄ አልቀላም።»

ቀጥሎ በጣት የሚጫኑትን ሦስቱን ፒስተኖች አወጡ። አንድ ሰው በድሮ ጊዜ በኑግ ዘይት ቀብቷቸው ኖሮ እንደ ሙጫ ደርቋል። በላምባ ጨርቅ አጠቡና መለሷቸው። ትንንሾቹን ቱቦዎች አንድ በአንድ ስበው ሲያወጡ ጠርሙስ ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት «ጶቅ» የሚል ድምፅ ወጣ። በእያንዳንዱ ጶቅ ፊታቸው በራ።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አለ ፋሲል፤ የእሱ ፊት ግን አልበራም።

«አየር አያፈስም ማለት ነው።»

ያም ሆኖ እንደ ቧንቧ ሠራተኛ ካላዩ አላመኑም። እኔ በትልቁ የልብስ ሳፋ ውኃ አመጣሁ። ሰፊውን የጡሩምባ አፍ በጨርቅ ወትፈው፣ ውኃው ውስጥ ደፍቀው በመነሻው በኩል ነፉበት። ሁላችንም ጎንበስ ብለን አረፋ ጠበቅን። አንድም አረፋ አልወጣም።

ሳፋውን ከአጥሩ ጀርባ ልደፋ ሄድኩ። ስመለስ ጋሼ ዲንቃ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መንፊያቸውን ጡሩምባው ላይ እየገጠሙ ነበር። ልቅ ስላለባቸው ጭራዋን በቀጭን ወረቀት ጠቀለሉት፤ ወታደር ቤት እንዲህ ነው የሚደረገው አሉ። ከዚያ ትከሻቸውን ወደ ኋላ መለስ አድርገው ነፉ።

ድምፁ አላማረም። ስለ ሙዚቃ ብዙ የማላውቀው እኔ እንኳ ሰማሁት። ቀጭንና ጯሂ ነው። ታች ያለው ድምፅ እንደምንም ይሄዳል፤ ወደ ላይ ሲወጡ ግን ላይኛው ከታችኛው አልገናኝ አለ፤ ተጣልተው በአንድ ቤት እንደሚኖሩ ባልና ሚስት። ማስተካከያውን ቱቦ ሳቡት፤ ታችኛው ተስተካክሎ ላይኛው ተበላሸ። መለሱት፤ ላይኛው ተስተካክሎ ታችኛው ተበላሸ። ለረጅም ጊዜ ሞከሩ። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣበቀ።

በመጨረሻ አስቀመጡትና፣ «ውስጡ ተበልቷል። ከውጭ የማይታይ ሕመም አለው። ይለወጥ» አሉ።

ፋሲል ደስታውን መደበቅ አቃተው። «ጋሼ፣ ግን በእውነት ጡሩምባው ነው ወይስ የእርስዎ ጥርስ?»

መዘምራኑ ሳቁ። ጋሼ ዲንቃም ሳቁ። «ጥርሴማ የራሴ ነው፤ ያንተን ምላስ ግን ከየት እንዳመጣኸው እንጃ» አሉት። እኔ ግን መንፊያዋን ሲያስቀምጡ አየሁ፤ ፍላኔሉን ሳይጠቀልሉባት ሱሪ ኪሳቸው ውስጥ ጣሏት።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ዘውደነሽ ቤቴ መጡ። «ወርቄ፣ ማሎ፣ እባክሽ ነይና ይህን ሰውዬ አናግሪልኝ። ከማክሰኞ ጀምሮ የጓሮውን ቧንቧ እየከፈተ በዘንግ ያዳምጣል። እኔ ብናገረው አይሰማኝም፤ ቧንቧውን ነው የሚሰማው።»

«ለምን?»

«ጆሮዬ ሞቷል ይላል።»

ስንደርስ ጋሼ ዲንቃ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ዘንጉ ግድግዳው ላይ ተደግፏል፤ መንፊያዋ ጠረጴዛው ላይ ወድቃለች። ሰላምታ ተለዋወጥን። እኔ ብዙ መናገር አልችልበት። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ጀመሩ።

«ወርቄ፣ አንቺ እዚያ ነበርሽ። ዓይኔ ቱቦው ደኅና ነው አለ። ጣቴ ደኅና ነው አለ። ውኃው ደኅና ነው አለ። ታሟል ያለው ጆሮዬ ብቻ ነው። ሦስት ምስክር አንድ ነገር ተናግሮ አራተኛው ለብቻው ቢለይ ማንኛው ነው ውሸታሙ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ።»

«እኔ አውቃለሁ። አርጅቻለሁ፤ የምሰማው ተዛብቷል። ወይ ከንፈሬ ነው። ግን ሰው ፊት እኔ ነኝ ማለት አፈርኩና ጡሩምባው ነው አልኩ። ከቡሬ ድረስ የመጣ የሰው አደራ በኔ ቃል ቅዳሜ ሊሄድ ነው።»

እትዬ ዘውደነሽ ቀልዳቸው ጠፋባቸው። እኔ ደግሞ መንፊያዋን አነሳሁ። በቅርብ አይቻት አላውቅም ነበር። ከባድ ናት፤ ከንፈር የሚያርፍበት ጠርዟ ሳስቷል፤ ውስጧ ግን እንደ ሲኒ ክብና ዝቅ ያለ ነው፤ ከመሐሉ ጠባብ ቀዳዳ አለ። አገላበጥኳት። የሆነ ነገር አስታወሰችኝ።

«ይቺ እኮ የኔዋን ትመስላለች» አልኩ።

«የምን ያንቺዋን?»

«የላምባ ማውረጃዬን። ፋኖስ ስሞላ ከጠርሙሱ አፍ ላይ የማደርጋትን። የኔዋ ግን ውስጧ ሲኒ አይመስልም፤ እንደ አበባ ሰፍቶ ይጀምርና እየጠበበ፣ እየጠበበ ታች ድረስ ይወርዳል። ጭራዋም ከዚህች ይለያል።»

ጋሼ ዲንቃ ቀና አሉ። «ከየት አገኘሻት?»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። «ከ... ከሳጥኑ» አልኩ። «ከቡሬ የመጣ ጊዜ በዚያች ክብ ጉድጓድ ውስጥ ነበረች። መብራት በየቀኑ ይጠፋ ነበር፤ ላምባው እየፈሰሰ አስቸገረኝ። ለምን እንደምትሆን ስላላወቅኩ... ለጊዜው ብዬ ነው የወሰድኳት።»

ጋሼ ዲንቃ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው መቱት። «የዘይት ጠርሙስ! የዘይት ጠርሙስ ቦታ ናት አልኩ፤ እኔ ደንቆሮ! መቶ አለቃው እኮ ሲነፋ ከንፈሩ ዘና ብሎ፣ ጉንጩ ሳይወጠር ነበር። ድምፁ ለምን እንደሚለሰልስ ጠይቄ አላውቅም። ቱቦው ብቻ ይመስለኝ ነበር።» ተነሡ። «እኔ የትራምፔት መንፊያ በወረቀት ጠቅልዬ ፍሉገልሆርን ላይ ሰካሁ። የሰው ጫማ አድርጎ እግሬ ታመመ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ትቆማለህ?» አሉ እትዬ ዘውደነሽ። «ባጃጅ ጥራ!»

ሦስታችን በአንድ ባጃጅ እኔ ቤት ሄድን። ማውረጃዋ ከምድጃው በላይ፣ ሚስማር ላይ ተንጠልጥላለች፤ ከውጭ በጥላሸት ጠቁራለች። ጋሼ ዲንቃ በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ወደ ብርሃን አዙረው በቀዳዳዋ አዩ። በፈላ ውኃና በሳሙና አጠብናት፤ በአመድ ፈተግናት፤ እንደገና አጠብናት። ከጥላሸቱ ሥር ብሩ ብቅ አለ፤ ጠርዟ ላይ ደቃቅ ጽሑፍ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል ሳይቀረው አይቼው አላውቅም። ሽታው ግን አልለቀቀም።

«ላምባ ላምባ ትሸታለች» አልኩ በሐፍረት።

«ይሁን» አሉ ጋሼ ዲንቃ።

«ክብሪት የያዘ ሰው እንዳይጠጋህ ብቻ» አሉ እትዬ ዘውደነሽ።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ማንም አልነበረም። ዕቃ ቤቱን ከፈትኩ። መንፊያዋ ያለ ወረቀት፣ ያለ ግፊት፣ በትንሽ ሽክርክሪት ገብታ ተቀመጠች። ጋሼ ዲንቃ ወዲያው አልነፉም፤ ጡሩምባውን ደረታቸው ላይ ይዘው ቆዩ። ይህም ካልሆነ ምክንያት የሚያደርጉት ነገር እንደሌላቸው ሦስታችንም እናውቃለን።

ነፉ። ያን ድምፅ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ጡሩምባ ጠሪ ነው፤ ይህ ግን አይጠራም። አጠገብህ ተቀምጦ ዝቅ ባለ ድምፅ እንደሚያጫውት ሰው ነው። ከታች ተነሥተው ወደ ላይ ወጡ፤ ላይኛው ታችኛውን አገኘው። ተመልሰው ወረዱ፤ አሁንም ተገናኙ። ከዚያ ሁላችንም የምናውቀውን የእሑድ መዝሙር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቀስ ብለው ነፉት። እትዬ ዘውደነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከተደረደሩት አግዳሚዎች በአንዱ ላይ ተቀመጡ።

ጋሼ ዲንቃ ጨርሰው ጡሩምባውን ዝቅ አደረጉ፤ ጭንቅላታቸውንም ዘንበል አድርገው ሦስተኛዋን ፒስተን ሁለት ጊዜ ተጫኗት።

«ይቺ በጣም ትንሽ ታረፍዳለች። ይሰማችኋል?»

እኛ ምንም አልሰማንም።

«እኔ ይሰማኛል» አሉ፤ ፊታቸው እንደ ሕፃን ፊት ሆነ።

ቅዳሜ የአዲስ አበባው ሰው በሚኒባስ መጣ፤ ትሑት ሰው ነው፤ ኪቦርዱን ከነካርቶኑ ጭኖ አምጥቷል። ፋሲል ካርቶኑን በእጁ እየዳበሰ ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። ጋሼ ዲንቃ በዚያው ነጭ ሸሚዝ መሐል ላይ ቆሙ።

«ማክሰኞ ጡሩምባው ታሟል ብዬ ነበር። አልታመመም። በትራምፔት መንፊያ ነው የነፋሁት፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። የራሱ መንፊያ ተገኝቷል።»

«ኧረ ጋሼ!» አለ ፋሲል። «ማክሰኞ ሌላ፣ ቅዳሜ ሌላ! ሰውዬው እኮ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር መጥቷል።»

«እውነትህን ነው። እሱንም አንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

«የት ነው የተገኘው?» አሉ ኦቦ ቀኖ።

«ከአንድ ቤት» አሉ ጋሼ ዲንቃ። ወደ እኔ አላዩም።

በዚያ ቢያበቃ ማንም አያውቅም ነበር። ግን እሳቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ስሕተታቸውን ተሸክመው ቆመው እኔ ከኋላ መደበቅ አልቻልኩም። «ከኔ ቤት ነው» አልኩ። ድምፄ ስላልተሰማ ደገምኩት። «ከኔ ቤት ነው። ላምባ ስቀዳባት ኖሬ ነው።»

ኦቦ ቀኖ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ግቢው በሙሉ ተከተላቸው፤ የአዲስ አበባው ሰው ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። ጋሼ ዲንቃ በሳቁ መሐል ጡሩምባውን አነሡና ነፉ። ሳቁ ቀስ እያለ በረደ።

እንግዳው እስከ መጨረሻው አዳመጠ። «ሁለት ኪቦርድ ላምጣ» አለ።

ፋሲል ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረ። ኦቦ ቀኖ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደኅና ከሆነ ይቀመጥ ብለናል። ደኅና ነው።»

ካርቶኑ ሳይከፈት ሚኒባሱ ላይ ተመልሶ ተጫነ። ፋሲል ለጋሼ ዲንቃ ሰላምታ ነፈጋቸው፤ ሁለት ወር ያህል በሌላ በር ይገባ ነበር። ጥቅምት ላይ አንድ እሑድ ከአገልግሎት በኋላ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ያሳዩኝ፤ ከንፈር እንዴት ነው የሚደረገው?» አላቸው። «መጀመሪያ ምላስህን ሰብስብ» አሉት። ዛሬ በበዓል ቀን የሚነፋው እሱ ነው፤ ጋሼ ዲንቃ ሰባውን አልፈዋል፤ ከፊት አግዳሚ ላይ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ሦስተኛዋ ፒስተን አሁንም ታረፍዳለች ይላሉ።

ለኔ ግን በዚያው ቅዳሜ፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ሰማያዊውን ፍላኔል ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ውስጡ ያቺ የትራምፔት መንፊያ ነበረች፤ ከ1983 ጀምሮ ያልተለየቻቸው።

«ማውረጃሽን ወሰድኩብሽ፤ መብራት ሲጠፋ በምን ትቀጃለሽ? ያዣት።»

«ኧረ ጋሼ፣ ይቺን እንዴት እቀበላለሁ?»

«ያዣት እልሻለሁ። እኔ አሁን የሚገጥም አግኝቻለሁ።»

ተቀበልኩ። ሚስማሯ ላይ ሰቅያታለሁ። ለላምባ እንኳ አትሆንም፤ ውስጧ እንደ ሲኒ ስለሆነ፣ ቀዳዳዋም ስለሚጠብ ቶሎ ይሞላና በጎን ይፈሳል። ባገኙኝ ቁጥር፣ «እንዴት ነች፣ ታገለግላለች?» ብለው ይጠይቁኛል።

«በጣም ጋሼ» እላቸዋለሁ።